ከሊኑክሱ በፊት ሥራውን ጠይቅ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ ቦንጋ ላይ ኮምፒውተር ለምንጠግን ሰዎች አንድ ጥያቄ በዝቶብናል፤ «ይኼ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11 ይቀበላል?» የቆየ ከሆነ አይቀበልም፤ አዲሱ ዊንዶውስ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ማሽኑ ግን ገና ደህና ነው። ሊኑክስ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ የትኛው ሊኑክስ የሚለውን ግን እኔ መጨረሻ ላይ ነው የምመልሰው።

መጀመሪያ ሥራውን እጠይቃለሁ። የቡና ማኅበር ሒሳብ በፒችትሪ የሚይዝ ሰው ከሆነ ዊንዶውሱን አልነካበትም፤ ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ከዋቻ ወይም ከጭሪ የመጣ መምህር ከሆነ የፈተና ፋይሎቹን በፍላሽ ይዞልኝ ይምጣ እላለሁ። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ሊብሬኦፊስ ላይ ይነበባል። በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈው ግን ፎንቱ ከሌለ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል፤ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

ቀጥሎ መብራትና ዳታ ነው። ማሻሻያ እየተጫነ መብራት ከጠፋ ሲስተሙ ሊበላሽ ይችላል። ሊኑክስ ሚንትን የምወደው ማሻሻያውን ሳይፈቅዱለት ስለማይጭን ነው። ታይምሺፍት የሚባለው ፕሮግራም ቀድሞ ከተዘጋጀ ደግሞ የተበላሸውን ሲስተም ወደነበረበት ይመልሳል። ሊብሬኦፊስና የቪዲዮ ማጫወቻ አብረውት ስለሚመጡ፣ አንድ ጊዜ የወረደ ፋይል ያለ ኢንተርኔት ለብዙ ማሽን ይበቃል። ኡቡንቱም ጥሩ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ ለሆነ ማሽን ግን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው የሚንት ዓይነት ይቀለዋል። 8 ጊጋ ላለው ሲናመን የሚባለው ይመቻል። ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አለው።

ወጣቶቹ ስለ ጌም ይጠይቁኛል። ቫልቭ በ2018 እ.ኤ.አ. ፕሮቶን የሚባለውን ፕሮግራም ካወጣ ወዲህ ብዙ የዊንዶውስ ጌሞች በስቲም በኩል ሊኑክስ ላይ ይሠራሉ። ቫሎራንትና የቅርቦቹ ኢኤ ኤፍሲ ግን በማጭበርበር መከላከያቸው ምክንያት አይነሱም፤ የሊኑክሱን ዓይነት መቀያየር ይህን አይፈታም። ፕሮቶን ቩልካን የሚባለውን የግራፊክስ ሥርዓት ይፈልጋል፤ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌላቸው አራተኛ ትውልድና ከዚያ በፊት ያሉ የኢንቴል ላፕቶፖች ደግሞ ቩልካንን በሚገባ አይደግፉም። ለእነሱ የድሮ ጌሞችን ዋይን በሚባለው ፕሮግራም መሞከር ወይም ለሊኑክስ የተሠራውን ሱፐርተክስካርት መጫወት ይሻላል። ባዛይት የሚባለው ሊኑክስ ለጌም ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ማሻሻያው ግን ዳታ ይበላል።

ደንበኛዬ ዋቻ ገብቶ ሳይደውልልኝ ሥራውን ከጨረሰ፣ የመረጥኩለት ልክ ነበር እላለሁ። ለጀማሪ የምመክረው ሚንትን ነው። ከመጫንህ በፊት ግን ፋይሎችህን ሌላ ቦታ ገልብጥ፤ ሲስተሙን ከፍላሽ አስነሥተህ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ፕሪንተሩንና የአማርኛ ኪቦርዱን ሞክር። ከአራቱ አንዱ እምቢ ካለህ፣ እስኪስተካከል ድረስ አትጫን።