«በሙቅ ውኃ ያጽዱ»፦ ለታካሚ በሚሰጥ አንድ የመመሪያ ወረቀት ላይ የቀረበ ሂስ

የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ከወጣ በኋላ ጥርሶች ወደ ቀድሞ ቦታቸው እንዳይመለሱ ለታካሚው ሪቴይነር የሚባል መያዣ ይሠራለታል። ከመያዣው ጋር አንድ ገጽ የአያያዝ መመሪያ ይሰጠዋል። ለዚህ ሂስ መነሻ የሆነኝ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከሚገኝ አንድ የጥርስ ክሊኒክ የተሰጠ ወረቀት ሲሆን፣ ይዛልኝ የመጣችው አንዲት ታካሚዬ ናት።

ወረቀቱ በቅን ሐሳብ መዘጋጀቱ አያጠራጥርም። መያዣው ከአፍ እንደወጣ ወዲያው ይታጠብ ማለቱ ትክክል ነው፤ ምራቅና የምግብ ቅሪት ከደረቀበት የባክቴሪያው ሽፋን በቀላሉ አይለቅም፤ ውሎ ሲያድርም ይጠጥራል፤ ካንዲዳም ሊራባበት ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው «በሙቅ ውኃ ያጽዱ» ከሚለው ሁለተኛ መስመር ነው። ጽሑፉ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ይመስላል፤ የታሰበውም «ለብ ያለ» ሳይሆን አይቀርም። በአማርኛችን ግን ሙቅ ሲባል የሚፋጀውንም ይጨምራል።

ታካሚዬ የካዛንቺስ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 ሠፈሩ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ቤተሰቧ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወረ፤ ለአንድ ጥያቄ ብላ ወደ ክሊኒኩ መመለስ ስለማይመቻት ወረቀቱ የሐኪሟን ቦታ ተክቷል ማለት ይቻላል። ውኃ የምትጠቀመው በጄሪካን ካጠራቀመችው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አተት አዲስ አበባ ሲገባ ውኃ አፍልታችሁ ተጠቀሙ እያልን ያስተማርናት እኛው ነን። እናም ውኃውን አፈላች፤ ስስ የፕላስቲክ መያዣዋንም ነከረችበት። ፕላስቲኩ ተጣመመ። አልገጥም ሲላት በጣቷ እየተጫነች ሰነበተች፤ ወደ እኔ የመጣችው ድዷ ቆስሎ ነው። አንድ የፊት ጥርሷም መዞር ጀምሮ ነበር። የጥርስ ሐኪም ስላልሆንሁ ቁስሉን አይቼ ወደ ሐኪሟ ከመላክ በቀር የማደርግላት አልነበረም።

ወረቀቱ ቀጥሎ «የሰው ሠራሽ ጥርስ ማጽጃ እንክብል ይጠቀሙ» ይላል፤ እንዳይዋጥ ግን አያስጠነቅቅም። እንክብል ለታካሚዎቻችን የሚዋጥ ነገር ነው! የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 አምራቾች ማስጠንቀቂያቸውን እንዲያሻሽሉ የጠየቀው በእንክብሉ ውስጥ ባለው ፐርሰልፌት ሳቢያ ብርቱ የአለርጂ ችግር በመድረሱ፣ አንዳንዶችም ያለአግባቡ በአፋቸው በመጠቀማቸው ነበር።

በየቤቱ ስለማይጠፋው በረኪናም ወረቀቱ አንድ ቃል የለውም፤ በረኪና የመያዣውን ብረት ይበላል። የጥርስ ሳሙናም ፕላስቲኩን ይፍቀዋል፤ ቆሻሻ የሚይዘውም የተፋቀው ቦታ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ በጻፍሁ፦ «ውኃውን ካፈሉት ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። በለስላሳ ብሩሽና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና አሽተው በደንብ ያለቅልቁት። ሲመገቡ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት እንጂ በሶፍት አይጠቅልሉት፤ ከጠረጴዛ ላይ ተጠርጎ ይጣላል። ከተጣመመ በግድ አያጥልቁት፤ በዚያው ሳምንት ይምጡ።» ከግርጌውም የክሊኒኩን ስልክ ቁጥር እጨምር ነበር፤ በታካሚዬ ወረቀት ላይ እሱም የለም።