“ነባሪ” እና “ሦስተኛ ወገን”፤ የእጅ ስልክ የቁልፍ ሰሌዳዎች በአማርኛ አጻጻፍ ሚዛን

በእጅ ስልክ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ፣ ዐወቀውም አላወቀውም፣ ከሁለት ዓይነት የቁልፍ ሰሌዳ አንዱን መርጧል፤ አለዚያም ሌላ መርጦለታል። አንደኛው ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣው ነው፤ ሁለተኛው ተጠቃሚው ራሱ ከመተግበሪያ መደብር አውርዶ የጫነው ነው። ስለ ምርጫው በአብዛኛው የሚነገረው ስለ ፍጥነትና ስለ መልክ ነው። ለቋንቋ አጥኚና ለተርጓሚ ግን ጥያቄው ከዚህ ይጠልቃል። የነገው መዝገበ ቃላት ጥሬ ሀብት ከዛሬው የስልክ ጽሑፍም ጭምር የሚሰበሰብ በመሆኑ፣ ከቁልፍ ሰሌዳው የራቀ ፊደል ከማስረጃው ውስጥም ይጎድላል።

በቅድሚያ ስለ ስያሜዎቹ ጥቂት ማለት ያሻል። ወደ አማርኛ በተተረጎሙ የስልክ ማውጫዎች ላይ “ነባሪ” እና “የሦስተኛ ወገን” የሚሉ ቃላት ይታያሉ። “ነባሪ” ከ“ነበረ” የወጣ ሲሆን የቆየን፣ ባለበት የጸናን ነገር ያመለክታል። ጽንሰ ሐሳቡ ግን ሌላ ነው፤ ተጠቃሚው ምንም ባልመረጠ ጊዜ ሠሪው አስቀድሞ የመረጠለት ማለት ነው። ስያሜው መራጩን ሰውሮ ነገሩን ጥንቱን የነበረ ያስመስለዋል። “ሦስተኛ ወገን” ደግሞ ከሕግ ቋንቋ የተወሰደ ነው። በውል ጉዳይ ተዋዋዮቹ ሁለት ስለሆኑ ሦስተኛው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ በስልክ ማውጫ ላይ ግን አንደኛውና ሁለተኛው እነማን እንደሆኑ የሚነግረን የለም። ከዚህም በላይ ተጠቃሚው የጫነውን ሰሌዳ “ነባሪ” አድርጎ ሊሠይም ስለሚችል ሁለቱ ቃላት ተቃራኒዎች አይደሉም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ “አብሮ መጥ” እና “ታካይ” የሚሉትን ለሙከራ እንጠቀማለን፤ የተሻለ የሚያቀርብ ባለሙያ ቢኖር ውይይቱ ክፍት ነው።

ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። በጽሕፈት መኪና ዘመን ዋናው ችግር የቦታ ጥበት ነበር። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲታከሉ ቁጥሩ ይጨምራል። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትሙ የግእዝን ፊደል ከተቀበለ ወዲህ ግን ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጥቶታል። ዛሬ ሠራዊት በሚለው ቃል ውስጥ “ሠ” ቢጠፋ፣ የጠፋው መለያ ቁጥር ስለሌለው ሳይሆን ጣት በቀላሉ ስለማይደርስበት ነው።

የመድረሻው መንገድ ሁለት ነው። በአንደኛው ግእዙ ሲነካ የቤተሰቡ ሆሄያት ተደርድረው ይቀርባሉ። በሌላው የላቲን ፊደላት በድምፅ እየተጣመሩ የአማርኛውን ሆሄ ያስገኛሉ። በዚህኛው መንገድ መሪው ድምፅ በመሆኑ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለአንድ ቁልፍ ይሻማሉ። ከየመደቡ አንዱ በቀላሉ ይገኛል፤ ሌሎቹ ደጋግሞ መንካትን ወይም ቁልፉን ተጭኖ መቆየትን ይጠይቃሉ። የቸኮለ ጸሐፊ “ሥራ”ን “ስራ”፣ “ንጉሥ”ን “ንጉስ” ብሎ ያልፋል።

ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚለው አስተያየት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በምሁራን ዘንድ ሲያከራክር የኖረና ክብደት የሚሰጠው ነው። ነቀፋችን በአስተያየቱ ላይ አይደለም። ክርክር ተደርጎበት፣ ጉዳትና ጥቅሙ ተመዝኖ የሚወሰን ማሻሻያ አንድ ነገር ነው፤ አንድ የምሕንድስና ቡድን ቁልፍ ሲደለድል ሳያስበው የሚወስነው ደግሞ ሌላ ነው። በግእዝ “ሠረቀ” ወጣ ማለት ሲሆን ምሥራቅን ያስገኘ ነው፤ “ሰረቀ” ግን የሌባ ሥራ ነው። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. የታተመው “ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት” ተብሎ ነው፤ ሞክሼዎችን በማያመሳስል መፈለጊያ “አዲስ” ብሎ የጻፈ አንባቢ መጽሐፉን ላያገኘው ይችላል። ሥርዐተ ነጥብም እንዲሁ ነው። አራት ነጥብ “።” አንድ ምልክት ሆኖ ሳለ፣ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመንካት የሚጻፍበት ልማድ ሰፍቷል። ለዐይን አንድ ቢመስሉም ለኮምፒዩተር ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸውና፣ ዐረፍተ ነገር ቆጣሪው ይሳሳታል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚያሻው ቃል ጠቋሚው ነው። “ስላልነገርኳችሁም” የሚለው አንድ ቃል አሉታን፣ ምክንያትን፣ ባለቤትንና ተሳቢን ይዟል። እንዲህ ያለውን እርባታ በቃላት ዝርዝር ብቻ የሚሠራ ጠቋሚ ሊያዳርሰው አይችልም፤ ስለዚህ ጸሐፊውን ወደ አጭሩና ወደ ተዘወተረው ይስበዋል። ዝርዝሩ ካልታረመ ጽሑፍ የተለቀመ ከሆነም “ፀሐይ”ንና “ጸሀይ”ን እኩል ሊያቀርብ ይችላል። ይህ መቅድም የሌለው፣ መስፈርቱ ያልተገለጸ፣ አዘጋጁ የማይጠየቅበት መዝገበ ቃላት ነው።

የምስጢር ጥበቃም አለ። የፍርድ ቤት ሰነድ ወይም የሕክምና ማስረጃ የሚተረጉም ሰው በስልኩ የሚጽፈው የራሱን ብቻ አይደለም። አንድሮይድ ታካይ ሰሌዳ ሲጫን የይለፍ ቃልን ጨምሮ የሚጻፈው ሁሉ ሊሰበሰብ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። አፕል በ2014 እ.ኤ.አ. ታካዮችን ሲፈቅድ ከይለፍ ቃል መጻፊያ ከልክሏቸዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ኤአይ ታይፕ የተባለው ታካይ የ31 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች መረጃ ሳይጠበቅ ተጋልጦ መገኘቱ ስጋቱን አረጋግጧል። ከዚህ ተነሥቶ “አብሮ መጡ ይታመናል” ማለት ግን አይቻልም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በ2024 እ.ኤ.አ. የዘጠኝ ኩባንያዎችን የቻይንኛ መጻፊያ ሰሌዳዎች መርምሮ በስምንቱ ላይ የሚጻፈውን በመንገድ ላይ ለሌላ ሊያጋልጥ የሚችል ጉድለት አግኝቷል፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ በስልክ ሠሪዎቹ አስቀድመው የተጫኑ ነበሩ።

እንግዲህ ክፍፍሉ ራሱ ደካማ መመዘኛ ነው። ጂቦርድ በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ አብሮ መጥ ነው፤ በአይፎን ላይ ታካይ ነው። አንዱ ሥራ በሁለት ስም ከተጠራ፣ ስሙ ስለ ጥራቱ የሚነግረን ነገር የለም። መመዘኛዎቹ ሦስት ሊሆኑ ይገባል፤ ሞክሼዎችን፣ ዲቃሎችንና ሥርዐተ ነጥቦችን ያለ ብዙ ድካም ይሰጣልን? ጠቋሚውን ማጥፋት ይቻላልን? የተጻፈው ከስልኩ ወዴት ይሄዳል? በመጨረሻው ጥያቄ ረገድ እንደ ኪማን ያሉ የምንጭ ኮዳቸው ለምርመራ ክፍት የሆነ ሰሌዳዎች ብልጫ አላቸው፤ የሚጠረጥር ሰው የሠሪውን ቃል ከማመን ይልቅ ኮዱን ማስመርመር ይችላልና። ለጥቅስና ለመዝገበ ቃላት ሥራ ሦስቱንም የሚያሟላ ሰሌዳ፣ ጠቋሚው ጠፍቶ፣ ሊመረጥ ይገባል። ለዘወትር መልእክት ግን አብሮ መጡ አማርኛን በሚገባ የሚጽፍ ከሆነ ታካይ መፈለግ አያስፈልግም።

የተጠቃሚው ጥንቃቄ ብቻውን ግን አይበቃም። የቃላት አጻጻፍን የሚያጠኑ ተቋማት የታረመና ምርጫው በምክንያት የተደገፈ የቃላት ዝርዝር በኮምፒዩተር ሊነበብ በሚችል መልክ፣ ያለ ክፍያ፣ ለአብሮ መጡም ለታካዩም ሠሪዎች እኩል ማቅረብ ይኖርባቸዋል። ሠሪዎቹ የለቀሙትን ዝርዝር የሚጠቀሙት የተሻለ ስላልቀረበላቸውም ጭምር ነው። ይህ ሥራ በዘገየ ቁጥር በአካዳሚ መድረክ ያልተቋጨው የሞክሼ ፊደላት ክርክር በቁልፍ አደላደል ይቋጫል፤ የውሳኔው ቃለ ጉባኤም አይኖርም።