ፊቷን ማን አነጣው?

በቅርቡ ያያችሁትን አንድ የመዝሙር ክሊፕ እስቲ ድምፁን አጥፍታችሁ እንደገና ተመልከቱት። መጀመሪያ የዘማሪዋን ፊት እዩ። እሑድ ጠዋት መድረክ ላይ የምታውቋት ጠይም ልጅ፣ ክሊፑ ላይ ነጥታ፣ ቆዳዋ ሰም የተቀባ መስሎ ታገኟታላችሁ። ከኋላዋ ከቆሙት ኳየሮች መካከል ጠቆር ያለችው እኅት ጨለማው ውጧት ዓይኗና ጥርሷ ብቻ ቀርቷል። ነጠላውንም እዩት፤ ጥለቱ አለ፣ ሸማው ግን ክሩ የማይለይ ነጭ ወረቀት ሆኗል።

ሁሉም ክሊፕ እንዲህ ነው አልልም። ብዙዎቹ ግን እንዲህ ናቸው፤ ደግሞም «በጣም ጥራት አለው» ተብለው የሚወደሱት እነዚሁ ናቸው።

ከለር መንካት በራሱ ውሸት ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። የኮኤን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት «ኦ ብራዘር፣ ዌር አርት ዛው?» የተቀረጸው ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ዛፉም ሣሩም አረንጓዴ በሆነበት ወቅት ነበር። ታሪኩ ግን የ1930ዎቹ የችግር ዘመን ነው። የካሜራ ባለሙያው ሮጀር ዲኪንስ አረንጓዴውን ደረቅ ሣር የመሰለ ቢጫ ለማድረግ በኬሚካል ሞክሮ አልሆነለትም። ስለዚህ ፊልሙ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ገብቶ ከለሩ በዲጂታል ተስተካከለ፤ ይህ ከተደረገላቸው የመጀመሪያዎቹ የሆሊውድ ፊልሞች አንዱ ነው። ምእመናን ነጭ ለብሰው እየዘመሩ በጫካው መካከል ወደ ወንዝ ጥምቀት የሚወርዱበትን ክፍል ፈልጋችሁ እዩ። ዛፎቹ ተለውጠዋል፤ የለወጣቸው ግን ታሪኩ ነው።

በእኛ ክሊፕ የዘማሪዋን ፊት ያነጣው የትኛው ታሪክ ነው? መዝሙሩ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም። ያነጣት «ነጣ ያለ ያምራል» የሚለው አሮጌ አመለካከት ነው፤ ኤዲተሩ ሳያስበው በጣቱ በኩል ገባ።

መሣሪያውም ከዚህ ነጻ ሆኖ አልመጣም። የኮዳክ ላቦራቶሪዎች ለብዙ ዓመታት የፎቶ ቀለም የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ፊት ካማረ ሥራው አለቀ። ጥቁር እናቶች በልጆቻቸው የትምህርት ቤት ፎቶ ቅር ተሰኝተው ነበር። የኮዳክ ሰዎች ኋላ እንደተናገሩት፣ ኩባንያውን ቡናማ ቀለምን በደንብ ወደ መለየት ከገፉት መካከል ግን የእንጨት ዕቃና የቸኮሌት አምራቾች ነበሩበት። የልጆቹ ፊት ያላገኘውን ትኩረት ቸኮሌት አገኘ! ዛሬም ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን የተዘጋጀ ሉት በአንድ ጠቅታ ስትጭኑ፣ ማን በየትኛው ብርሃን ለየትኛው ፊት እንደሠራው አታውቁም።

አሁን ደስ ወደሚለኝ ነገር ልምጣ። ዳቪንቺ ሪዞልቭን ክፈቱ፤ ነጻው ይበቃል። ቬክተርስኮፕ የሚባለውን ክብ መለኪያ አውጡና የቆዳ ቀለም መስመሩን አብሩት። ይህ መለኪያ የቀለሙን ዓይነትና ድምቀት ያሳያል፤ ብርሃኑን አያሳይም። ፊት ላይ ብቻ ክሮፕ አድርጉ። የጋምቤላ ወጣትም ሆነ ስዊድናዊ ሚስዮናዊ፣ በትክክለኛ ብርሃን ከተቀረጹ ሁለቱም እዚያችው መስመር አጠገብ ያርፋሉ። ከቆዳ ሥር ያለው ደም ያው ነው፤ ሜላኒኑም በመጠን እንጂ በዓይነት ብዙም አይራራቅም። የሚለያዩት በአብዛኛው በብርሃን መጠን ነው። እንግዲህ የአዳራሹ አምፖል ፊቱን አረንጓዴ ካስመሰለው፣ ቀለሙን ወደ መስመሩ መልሱት፤ ይህ እርማት ነው። ብርሃኑን ግን ሰውየው ባለበት ተዉለት። ከዚያ ወዲያ ማንጣት ሌላ ሰው መሥራት ነው።

ለጨለመችው እኅት መፍትሔው ከኤዲቲንግ በፊት ይጀምራል። በተለመደው ባለ 8 ቢት ቪዲዮ እያንዳንዱ ቀለም ከ0 እስከ 255 ይቆጠራል። ፊቷ 0 አካባቢ ከተቀረጸ ሊፍቱን ብታነሡት የሚወጣው ብናኝ የመሰለ ነገር እንጂ ፊቷ አይደለም። ከጎኗ አንድ መብራት፣ እሱም ከጠፋ ብርሃን የሚመልስ ነጭ አንሶላ ይቁምላት። ነጠላው ደግሞ በሦስቱም ቀለሞች 255 ከደረሰ የሸማኔው ሥራ አይመለስም። በስልክ የምትቀርጹ ከሆነ ነጠላውን ተጭናችሁ ቆልፉ፣ ክሩ እስኪታይ ብርሃኑን ቀንሱ፤ መካከለኛውን ብርሃን በኋላ በጋማ ቀስ አድርጋችሁ ታነሡታላችሁ። ክሊፑ ትንሽ ጨለም ቢል አትደንግጡ።

ዘማሪዋ ራሷ «ትንሽ አንጡኝ» ብትልስ? ትላለች፤ ይህን የምትሰሙት ብዙ ጊዜ ነው። አትቆጧት፣ አትስበኩባትም። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አሳዩአት፤ እናቷ ባሉበት ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ልጃቸው የትኛዋ እንደሆነች እሳቸው ይንገሯት።