ፀሐይን ከደጅ ያስቀረ እርሻ

ለትልልቅ ከተሞች ሕዝብ ምግብ በምን መንገድ ይድረስ የሚለው ጥያቄ የግብርና ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ከቀረ ሰንብቷል፤ ዛሬ የሥነ ሕንፃና የመሐንዲስነት ተማሪዎችም ይከራከሩበታል። ከቀረቡት መልሶች ይበልጥ ስም ያገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዲክሰን ዴስፖምዬ ያሰራጩት ነው። አሳቡ የተወለደው በክፍል ውስጥ ስለሆነ እኛን በተለይ ይመለከተናል። በ1999 (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ተማሪዎቻቸው የማንሃታን ጣራዎች አትክልት ቢተከልባቸው ስንቱን ሰው ሊመግቡ እንደሚችሉ ቢያሰሉ፣ ከነዋሪው ከመቶ 2 ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። መምህሩም እርሻው ወደ ሕንፃው ውስጥ ገብቶ ፎቅ በፎቅ ይደርደር የሚለውን አሳብ አመጡ፤ በ2010ም በመጽሐፍ አስፋፍተው አወጡት።

ተቃውሞዬ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ፎቅ በፎቅ ሲደረደር መሬቱ ይባዛል፤ በጣራው ላይ የሚወርደው ብርሃን ግን አይባዛም። የሥነ ሕንፃ ሰዎች ይህን በሥዕል ሸፈኑት። ቬንሳን ካልቦ በ2009 ለኒውዮርክ የነደፈው የተርብ ክንፍ የመሰለ ባለ 132 ፎቅ ግንብ ለዐይን እጅግ ያምራል፤ ነገር ግን ግድግዳው መስተዋት ቢሆንም ብርሃኑ ከዳር አልፎ እስከ ወለሉ መካከል አይዘልቅም። ስለዚህም ሥዕሉ ሥዕል ሆኖ ሲቀር በእውን የተሠራው መስኮት የሌለው መጋዘን ሆነ።

ኤሮፋርምስ የተባለው ኩባንያ በ2016 በኒውዋርክ ከተማ በቀድሞ የብረት ፋብሪካ ሥፍራ የከፈተው እርሻ የዚህ ምሳሌ ነው። ሥሩ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ በጉም መልክ የሚረጭ ማዳበሪያ የሚመገብ ቅጠል ያበቅል ነበር። በውሃ ረገድ ቁጠባው ትልቅ መሆኑን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። የመብራቱ ሒሳብ ግን ሌላ ነው። በ2021 አምራቾችን በመጠየቅ የተሰበሰበ ጥናት፣ በእንዲህ ያለ እርሻ ለአንድ ኪሎ ምርት በአማካይ 38.8 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ፀሐይ በሚገባበት የመስተዋት ቤት ግን 5.4 ብቻ እንደሚጠፋ ያሳያል። አንድ ኪሎ ሰላጣ ደግሞ የሚሰጠው 150 ያህል ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ጉልበት ከ13 ኪሎ በላይ ሰላጣ ሊበላ ነው! ስንዴስ ቢሉ፣ በ2020 የወጣ ጥናት በአሥር ደርብ ቢዘራ በሄክታር ከዓለም አማካይ ምርት ከ220 እስከ 600 እጥፍ ሊገኝ እንደሚችል ከገመተ በኋላ፣ በዋጋ ግን ከሜዳው ስንዴ ጋር እንደማይወዳደር ራሱ ገልጿል።

የበርሊኑ ኢንፋርም በ2022 የኤሌክትሪክ ዋጋ ሲንር ከሠራተኞቹ ከግማሽ በላይ አሰናበተ። ኤሮፋርምስ በሰኔ 2023 በኪሳራ ሕግ ጥበቃ ጠየቀ፤ የኒውዮርኩ ባወሪም በ2024 መጨረሻ ተዘጋ።

አንዳንዶች ሮቦት ያድነዋል ይላሉ። በጃፓን በኪዮቶ አውራጃ በ2018 የተከፈተው ቴክኖ ፋርም በመኪና እየተጓጓዘ በቀን 30,000 ራስ ሰላጣ እንዲያወጣ የታቀደ ነው፤ ድንቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ሮቦት የሚቀንሰው የሰውን እጅ እንጂ የአምፖሉን ፍጆታ አይደለም። በከተማ የሚራበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚራበው ሱቅ ርቆት ብቻ ሳይሆን መግዣ አጥቶ ስለሆነ፣ ደመወዙን የወሰደበት መኪና ሰላጣ ቢያቀርብለት ምን ይጠቅመዋል?

በዚያው በኒውዋርክ በፊሊፕስ አካዳሚ ትምህርት ቤት የመመገቢያ አዳራሽ አንዲት ትንሽ የኤሮፋርምስ መሣሪያ ተተክላ ነበር፤ ያበቀለችውን ቅጠል ልጆቹ ራሳቸው ለቅመው ይበሉ ነበር። እርስዋም በአምፖል የምትሠራ ናት፤ በላተኛው ማን እንደሆነ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሌላው መልስ ከሞንትሪያል መጣ፤ ሉፋ ፋርምስ በ2011 በአንድ ሕንፃ አናት ላይ የመስተዋት ቤት ሠርቶ መሸጥ ጀመረ፣ በ2020ም 15,000 ካሬ ሜትር ያህል የሚሆን ሌላ ጨመረ። በዚያ የካናዳ ብርድ ማሞቂያ መፈለጉ አይቀርም። ሆኖም የተሠራው የኮሎምቢያ ተማሪዎች አስልተው አይበቃም ብለው በተዉት ቦታ፣ በጣራ ላይ ነው።