ማንበብ የሚችለው አህያ

የጆርጅ ኦርዌል «አኒማል ፋርም» በ1937 ዓ.ም. የታተመ ልብ ወለድ ነው። ለተማሪ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ «ዐሳማው ስታሊን ነው» ተብሎ ፍቺው ይቀድማል፤ ይህም ሰሙን ሳያቀልጡ ወርቁን እንደ ማደል ይቈጠራል። የአውሬ ተረት ሹማምንትን መንካቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በዚሁ የተነሣ ታግዷል።

መርካቶ ላደገ ተማሪ ሰሙ ቅርቡ ነው። ከፊደል አራቱን ብቻ የያዘው ትጉህ ፈረስ ቦክሰር ሸክም የሚያመላልሰውን ሰው ያሳስበዋል፤ በስውር የሚለወጠው የግድግዳ ሕግም ባለዕዳው የማያነበውን የዱቤ መዝገብ።

ከዚህ በኋላ መምህሩ ስለ አህያው ስለ ቤንጃሚን ይጠይቅ። ከዐሳማዎቹ እኩል ማንበብ ሲችል፣ የተለወጠውን ሕግ እንዲያነብ ቢለመን በማያገባኝ አልገባም አለ። በኋላ ቦክሰር በፈረስ አራጁ ሠረገላ ሲወሰድ የሠረገላውን ጽሑፍ ጮኾ አነበበ፤ ነገር ግን ዘግይቶ ነበር። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እንዲሉ።

ዐሳማውን ማውገዝ ቀላል ነው። ፊደል ለቈጠርን ለእኛ፣ ለመምህሩም ለሹሙም፣ ከባዱ ጥያቄ አህያው ነው።