የደከመ ዓይን በዓል አያይም

«ለመሆኑ በዓሉ እንዴት ነበር?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ኧረ ተወኝ፣ እግሬ አልቋል!» ብሎ ሲመልስ ስንቴ ሰምተናል? ጥያቄው ስለ በዓሉ ነበር፤ መልሱ ግን ስለ እግር ሆነ። እንዲህ ያለውን መልስ እንደ ቀልድ ሰምተን እናልፈዋለን እንጂ ከባድ ሂስ ያዘለ መሆኑን ልብ አንለውም። ሐያስያኑ ስለ ዘፈኑ፣ ስለ አልባሳቱ፣ ስለ መድረኩ መብራት ሳይቀር ይጽፋሉ። ቀናት የሚፈጅ ትርኢት ለማየት የመጣው ሰው ዓይኑንና ጆሮውን እስከ መጨረሻው ይዞ መዝለቅ መቻሉን ግን እንደ ቁም ነገር የቆጠረው የለም። እኔ ዛሬ በዚሁ ላይ ጥቂት ልበል።

ምሳሌዬን ከሩቅ አላመጣም። የምኖረው አዋሽ ሰባት ነው። ከዚህ ተነስቶ ገዋኔንና ሚሌን አልፎ ሎጊያን ሲሻገር ሰመራ ይገባል፤ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኅዳር 29 ቀን 2010 ዓ.ም. 12ኛው የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን የተከበረው በዚያች ከተማ ነበር። ዕለቱ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ቀን ሲሆን፣ በዓሉ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይከበራል። ከሰመራ በፊት በ2008 ጋምቤላ፣ በ2009 ደግሞ ሐረር አስተናግደውታል። የበዓሉን ፖለቲካ ብዙዎች ጽፈውበታልና ለእነርሱ ልተወው። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ሁሉ መንገድ አቋርጦ «እርስ በርስ ለመተዋወቅ» የወረደው ሕዝብ በእርግጥ ተዋውቋል ወይ?

የእንዲህ ዓይነቱ በዓል አሠራር የታወቀ ነው። ከዋናው ቀን በፊት ባዛርና ዐውደ ርዕይ ይከፈታል፤ ሲምፖዚየም ይካሄዳል፤ ማታ ማታ የሙዚቃ ዝግጅት ይኖራል። በዋናው ቀን ባለሥልጣናት ንግግር ያደርጋሉ፤ የባህል ቡድኖች የየአገራቸውን ልብስ ለብሰው በየተራ ያልፋሉ። ተመልካች ሆዬ ሁሉንም ማየት ይፈልጋል። ጧት ድንኳን ለድንኳን ሲዞር፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው፣ ማታ ለዘፈን ሲቆም ይውላል፤ ያድራልም። በሁለተኛው ቀን ምሳ ይረሳል፤ በሦስተኛው ቀን ሰው ይረሳል። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፍ ያነሳል እንጂ አያይም።

የአየሩም ነገር አለ። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው አዲስ አበባ ተነስቶ 500 ሜትር እንኳ ወደማትሞላው ሰመራ የወረደ ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ኅዳር ለአፋር ቀለል ያለ ወቅት መሆኑ እውነት ነው፤ ቢሆንም የቀትሩ ፀሐይ ለደገኛው ቀላል አይደለም። ላብ ውኃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ይዞ ይወጣል። ጥም እስኪሰማው የጠበቀ ሰው ዘግይቷል፤ ራስ ምታቱና ብስጭቱ ከዚያ ይመጣል። ብዙ ጊዜ «ዝግጅቱ አሰልቺ ነው» የሚለው ፍርድ ከጭንቅላት ሳይሆን ውኃ ካጣ ሰውነት የሚወጣ ይመስለኛል።

በውጭው ዓለም ይህን ጉዳይ በቁም ነገር የያዙት፣ የሚያስገርመው፣ ምሁራን አይደሉም። የልብ ወለድ፣ የፊልምና የሥዕላዊ መጻሕፍት አድናቂዎች ናቸው። በአሜሪካ የሳንዲያጎው ኮሚክ-ኮን በ1970 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ዛሬ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የሚሰበሰብበት የብዙ ቀናት ጉባኤ ሆኗል። አድናቂዎቹ የሚወዷቸውን ገጸ ባሕርያት ልብስ ለብሰው ይመጣሉ፤ ረጅም ሰልፍ ይሰለፋሉ፤ ሌሊቱንም ሲጫወቱ ያነጋሉ። ከጉባኤ መልስ በጉንፋን መውደቅ የተለመደ ስለሆነባቸው አንድ ደንብ አወጡ፦ በቀን ቢያንስ አምስት ሰዓት እንቅልፍ (ስድስት የሚሉም አሉ)፣ ሁለት ጊዜ የረባ ምግብ፣ አንድ ጊዜ ገላ መታጠብ። ሲሰሙት የሕፃን ምክር ይመስላል። ነገር ግን አንድ ትልቅ እውነት ተቀብሏል፦ ፍቅር ብቻውን ሰውን አያቆመውም። የወደደ ሰው ራሱን ይረሳል፤ ስለዚህ ደንብ ያስፈልገዋል።

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከ1984 እ.ኤ.አ. ወዲህ የእግር ኳስና የባህል በዓላቸውን ከተማ እየቀያየሩ ሲያከብሩ ኖረዋል። እዚያም ሳምንቱ ቀን ኳስ፣ ማታ ዘፈን ነው። ኳሱን ብሎ ሄዶ ሳምንቱን በእንቅልፍ እጦት የጨረሰ ሰው ቢኖር የሚደንቀኝ አይሆንም።

ግን የእረፍትን ጥበብ ከሳንዲያጎ መበደር ነበረብን? እኔ የምኖርባት ከተማ ራሷ የተቆረቆረችው በባቡር ጉዞ ላይ ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስና ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ ድሬዳዋ ያድራል፤ በማግስቱ አዋሽ ያድራል፤ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። በጣቢያው አጠገብ ያለው ቡፌ የተሠራውም ለዚሁ አዳሪ ነው። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ እረፍቱ ለመንገደኛው ብልኅነት የተተወ አልነበረም። በጉዞው ሰሌዳ ውስጥ ተጽፏል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ፍጥነቱን ሰጥቶናል፤ የማደሪያውን ጥበብ ግን የሚወርስ አላገኘም። የዛሬው በዓል አዘጋጅ የሚያወጣው መርሐ ግብር ጣቢያ የሌለው ባቡር ነው።

ከባቡሩም በፊት የአፋር አርብቶ አደር ነበር። በዚህ ምድር ከብት የሚነዳ ሰው ሥራውን በንጋትና በምሽት ያደርጋል፤ ቀትርን በጥላ ሥር ያሳልፋል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ በረሃ ያስተማረው ሰዓት ነው። እንግዲህ በአፋር ምድር የአፋርን ባህል ለማሳየት ተዘጋጅቶ፣ የቢሮ ሰዓትን ይዞ ሰውን ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ የሚያቆም በዓል ከባህሉ ልብሱን ወሰደ እንጂ ዕውቀቱን አልወሰደም።

ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የዳጉ ነገር ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ በሰላምታ ብቻ አይተላለፉም። ይቆማሉ፤ ይቀመጣሉ፤ ያዩትንና የሰሙትን በጥያቄና መልስ ይለዋወጣሉ። ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው? ከማን ሰማኸው? ዝናቡ የት ዘነበ? ሳሩ እንዴት ነው? የሚወራው ወሬ ለሚቀጥለው ሰው በአደራ የሚተላለፍ ነውና ችኮላ አይወድም። ይህ ሕዝብ መተዋወቅን በመቀመጥ የሚጀምር ሕዝብ ነው። እኛ ግን በዐውደ ርዕይ ላይ አሪውን፣ ያን ሴቶች በእጃቸው ሠርተው፣ አፍርሰውም በግመል የሚጭኑትን የሰሌን ቤት፣ ደጁ ላይ ቆመን ፎቶ ተነስተን አለፍነው። ሠሪዋ አጠገቡ ብትቀመጥም ስንት ቀን እንደፈጀባት የሚጠይቃት ስንቱ ነው? እንዲህ የሚያልፈው ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ደክሞታል፤ ገና ሃያ ድንኳን ይቀረዋል።

ስለ ተመልካቹ ስናገር የባሰበትን ሰው መርሳት የለብኝም፤ ተጫዋቹን ማለቴ ነው። ከሩቅ ክልል ቀናት ተጉዞ የመጣ የባህል ቡድን የክብር እንግዶች እስኪገቡ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይጠብቃል። ለደጋ ብርድ የተሸመነ ካባ በቆላ ፀሐይ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ተራው ደርሶ ለጥቂት ደቂቃ ሲያልፍ ከድምፁ የቀረው ግማሹ ነው። ከዚያም ሐያሲው «ጭፈራው ሕይወት አልነበረውም» ብሎ ይጽፋል። ሕይወቱ በጥበቃው ሰዓት አልቋል እኮ!

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለተመልካቹ የምለው አጭር ነው። ሁሉን ለማየት አትሂድ። በቀን ሁለት ነገር ምረጥ፤ ሁለቱንም ቁጭ ብለህ እይ። ጧት በጊዜ ውጣ፤ ቀትር ላይ ጥላ ፈልግ፤ ሳይጠማህ ጠጣ፤ ምሳህን አትዝለል። ከማታው ዘፈን አንዱን ምሽት ለእንቅልፍ ስጥ። በቀን ቢያንስ ከአንድ ሰው ጋር፣ የሚሸጥልህም የሚያሳይህም ቢሆን፣ ዳጉ ተቀመጥ። ከመቶ ፎቶግራፍ ያ አንዱ ጨዋታ ይበልጣል።

ይሁንና ነገሩን ሁሉ በተመልካች ትከሻ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። መንገደኛው እንዲያድር ያደረገው የባቡሩ ሰሌዳ ነበር። አዘጋጆች ቀትሩን ባዶ ይተዉት። ጥላና ውኃ ለክብር እንግዳ ብቻ አይሁን። ንግግሩ ይጠር፤ ተጫዋቹ አይጠብቅ። አንድ ቡድን በአምስት ደቂቃ ሰልፍ ከሚያልፍ አመሻሹ ላይ ለአንድ ሰዓት ሰው ከቦት ይቀመጥ። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ብዛት ማሳየትና ማስተዋወቅ አንድ አለመሆናቸውን ማመን ነው።

በዓሉ ነገም ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ ድንኳኖቹም ይተከላሉ። የድንኳኑን ቁጥር የሚነግረን ሪፖርት አናጣም። እኔ የምጠብቀው ግን ሌላ ሪፖርት ነው፦ ስንት ሰው ከስንት ሰው ጋር ተቀምጦ አወራ?