ቀለምና ጥገና

አውሮፓ ውስጥ አሮጌ ባቡርን 87 ጊዜ አሳንሰው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። «ሥራ ፈቶች!» እንዳትሏቸው። እንደ ድሮው ምድር ባቡራችን 1 ሜትር ብቻ ስፋት ያለው ጠባብ ሐዲድ እነሱ ጠረጴዛ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንዲት ፉርጎ ለመሥራት መጀመሪያ ዋናዋን ይለካሉ፤ የድሮ ንድፍና ፎቶ ያገላብጣሉ፤ በሯ ወዴት እንደሚከፈት ሳይቀር ያጣራሉ። ይሄ ሁሉ ለሞዴል ነው እንግዲህ!

እኛስ? ዋናው በእጃችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው መስመር ያገለገሉ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ድሬዳዋ ቆመዋል። በ2016 ሰፊ ሐዲድ ያለው አዲሱ መስመር ከተመረቀ ወዲህ አሮጌው ትዝ የሚለን ፎቶ መነሣት ሲያምረን ነው። ደግሞም እኛ ዘንድ ቀለም የተቀባ ሁሉ «ታደሰ» ይባላል።

እኔ የምለው፣ የቆመ ሞተር በቀለም ይነሣል እንዴ? መለዋወጫ ሲጠፋ ቶርኖ ላይ ቆመው ራሳቸው እየሠሩ ባቡሩን ያስኬዱ የድሬዳዋ ባለሙያዎች አርጅተዋል። ሌላው ቢቀር የሚያውቁትን ከነልኬቱ እንጻፍላቸው። ልኬቱ ካለ የልጅ ልጅም ቢሆን ይጠግነዋል። የሚያውቀው ሰው የሌለው ብረት ግን የሚጠብቀው ቆራሌውን ነው።